ከመሬት በላይ የሚተከል የመዋኛ ገንዳ፦ የቦታ ድልደላ፣ አተካከልና ጥንቃቄ

ከመሬት በላይ የሚተከል የመዋኛ ገንዳ ጥልቅ ጉድጓድ ሳይቆፈርለትና ኮንክሪት ሳይሞላለት በመኖሪያ ቤት ግቢ ውስጥ፣ በተደለደለ መሬት ላይ የሚቆም የውሃ መያዣ ነው። ግድግዳው ከብረት ቆርቆሮ ወይም በብረት ቧንቧዎች ከተወጠረ ጠንካራ ፕላስቲክ የሚሠራ ሲሆን፣ ክፍሎቹ ተነጣጥለውና በካርቶን ታሽገው ለገበያ ይቀርባሉ። ገዢው በቤቱ ሊገጣጥመው መቻሉና ዋጋው በመሬት ውስጥ ከሚገነባው ገንዳ እጅግ ያነሰ መሆኑ ተፈላጊነቱን አሳድጎታል።

የዚህ ዓይነቱ ገንዳ በስፋት የተለመደው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በዩናይትድ ስቴትስ ነው። ከተሞች ወደ ዳርቻ እየሰፉ፣ ግቢ ያላቸው መኖሪያ ቤቶችም እየተበራከቱ ሲሄዱ ገንዳውም አብሮ ተስፋፍቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ምክንያት የሕዝብ መዋኛ ሥፍራዎች በተዘጉበት ወቅት ደግሞ ፍላጎቱ በእጅጉ ጨምሮ በገበያ ላይ እጥረት እስከ መፈጠር ደርሶ ነበር።

ገንዳው በቤተሰብ አባላት ሊገጣጠም መቻሉ ግን ሥራው ያለ ዕውቀትና ያለ ጥንቃቄ ሊከናወን እንደሚችል አያመለክትም። ገንዳው ለዓመታት ጸንቶ መቆሙ ወይም በአጭር ጊዜ ውስጥ መጉበጡ በአብዛኛው የሚወሰነው ውሃ ከመግባቱ በፊት በመሬቱ ላይ በሚከናወነው ሥራ ነው። ለሕፃናት ሕይወት አስጊ መሆኑም ሆነ አለመሆኑ እንዲሁ የሚወሰነው የመጀመሪያው ዋናተኛ ከመግባቱ በፊት በሚወሰዱ እርምጃዎች ነው።

የውሃ ክብደትና የመሬት ማዘንበል

አንድ ሜትር ኩብ ውሃ አንድ ሺህ ኪሎ ግራም ወይም አንድ ቶን ይመዝናል። በአሜሪካ ገበያ ከተለመዱት መጠኖች አንዱ 4 ነጥብ 57 ሜትር ዲያሜትርና 1 ነጥብ 22 ሜትር የግድግዳ ቁመት ያለው ክብ ገንዳ ነው። ይህ ገንዳ እስከ 1 ነጥብ 05 ሜትር ጥልቀት ሲሞላ 17 ሺህ ሊትር ያህል ውሃ ይይዛል፤ የውሃው ክብደትም 17 ቶን ይደርሳል። ይህ ሸክም በሙሉ የሚያርፈው ከ16 ካሬ ሜትር ጥቂት ከፍ በሚል መሬት ላይ ነው።

በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፈው አንድ ቶን ገደማ በመሆኑ ጠንካራ መሬት ይህን ሸክም ለመቋቋም አይቸገርም። ችግር የሚፈጠረው መሬቱ ያዘነበለ እንደሆነ ነው። ውሃ ምንጊዜም ገጹን እኩል አድርጎ ስለሚረጋ፣ ገንዳው ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ በዝቅተኛው ወገን ያለው ጥልቀት ይጨምራል፤ በከፍተኛው ወገን ያለው ደግሞ ይቀንሳል። ውሃ በግድግዳ ላይ የሚያሳርፈው ጠቅላላ ግፊት የሚያድገው ጥልቀቱ በጨመረበት መጠን ብቻ ሳይሆን፣ ጥልቀቱ በራሱ ተባዝቶ በሚገኘው መጠን ነው።

ለምሳሌ ያህል ከዳር እስከ ዳር የ10 ሴንቲ ሜትር የከፍታ ልዩነት ባለው መሬት ላይ የቆመ ገንዳ በአንደኛው ወገን 1 ሜትር፣ በሌላኛው ወገን 1 ነጥብ 10 ሜትር ጥልቀት ቢኖረው፣ በመጀመሪያው ወገን በአንድ ሜትር የግድግዳ ስፋት ላይ የሚያርፈው ግፊት ከ500 ኪሎ ግራም ክብደት ጋር ይመጣጠናል። በሁለተኛው ወገን ግን 605 ኪሎ ግራም ይደርሳል። የጥልቀቱ ልዩነት አንድ አሥረኛ ብቻ ሲሆን የግፊቱ ልዩነት ከአንድ አምስተኛ ይበልጣል ማለት ነው። በዚህ ሁኔታ ቋሚዎቹ ቀስ በቀስ ወደ ውጭ ይገፋሉ፤ መጋጠሚያዎች ይላላሉ፤ በመጨረሻም ግድግዳው ሊፈርስና ብዙ ቶን ውሃ በአንድ ጊዜ ሊለቀቅ ይችላል። እንዲህ ያለው ውሃ አጥር የመጣልና በአቅራቢያው ያለን ሰው ጠርጎ የመውሰድ ኃይል አለው።

የገንዳው ቅርጽም የራሱ ድርሻ አለው። በክብ ገንዳ ላይ ግፊቱ በግድግዳው ዙሪያ እኩል ስለሚከፋፈል ግድግዳው ራሱን እንደ በርሜል ቀለበት አጥብቆ ይይዛል። ሞላላና አራት ማዕዘን ገንዳዎች ግን ቀጥ ያሉት ጎኖቻቸው ወደ ውጭ ስለሚገፉ ተጨማሪ ድጋፍ ያስፈልጋቸዋል።

የቦታ መረጣና ፈቃድ

ለገንዳ የሚመረጠው ቦታ በተፈጥሮው ለጥ ያለ፣ በሰው ያልተሞላና ጎርፍ የማይተኛበት ሊሆን ይገባል። በዛፍ ሥር የሚተከል ገንዳ ቅጠል ይሞላበታል፤ የዛፉ ሥርም ውሎ አድሮ ወለሉን ሊቀድ ይችላል። ከጣሪያ የሚወርድ ውሃ የሚያርፍበት ቦታ፣ የፍሳሽ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ ያለበት መሬት እንዲሁም በቅርቡ የተቆፈረ ቦይ ያለበት ሥፍራ አይመረጡም።

የኤሌክትሪክ መስመር ሌላው ዋና ጉዳይ ነው። ገንዳ በአየር ላይ በተዘረጋ የኤሌክትሪክ ሽቦ ሥር መተከል የለበትም። በመሬት ውስጥ የተቀበሩ የመብራት፣ የውሃ፣ የጋዝና የስልክ መስመሮች መኖር አለመኖራቸውም ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት መረጋገጥ ይኖርበታል። በዩናይትድ ስቴትስ ለዚህ አገልግሎት እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ 811 የተሰኘ አገር አቀፍ የስልክ ቁጥር በሥራ ላይ ይገኛል። ማንኛውም ሰው ከመቆፈሩ በፊት ወደዚህ ቁጥር ሲደውል፣ የመስመሮቹ ባለቤቶች ባለሙያ ልከው መስመሩ የሚያልፍበትን ቦታ ምልክት ያደርጉበታል።

ፈቃድን በሚመለከት በብዙ የአሜሪካ ከተሞች በሥራ ላይ ያሉት የግንባታ ደንቦች ከ61 ሴንቲ ሜትር በላይ ጥልቀት ያለውን ውሃ የሚይዝ ማንኛውንም ገንዳ እንደ መዋኛ ገንዳ ይቆጥራሉ። በመሆኑም ከካርቶን ወጥቶ በአንድ ቀን የሚገጣጠም ገንዳ እንኳ የአጥርና የኤሌክትሪክ ደንቦችን እንዲያሟላ፣ እንደየአካባቢውም የማዘጋጃ ቤት ፈቃድ እንዲወጣለት ሊጠየቅ ይችላል።

ምልክት ማድረግና መለካት

ቦታው ከተመረጠ በኋላ በመካከሉ ችካል ይተከላል። ከችካሉ ላይ ሲባጎ ይታሰርና ከገንዳው ግማሽ ዲያሜትር 30 ሴንቲ ሜትር ያህል በሚረዝም ልክ ክብ ይዞራል፤ መስመሩም በኖራ ይሰመራል። ከላይ በተጠቀሰው ገንዳ መሠረት ክቡ ከዳር እስከ ዳር 5 ነጥብ 2 ሜትር ገደማ ይሆናል። በክቡ ውስጥ ያለው ሣር ከነሥሩ ይነሳል፤ ድንጋይና የዛፍ ሥር ተለቅሞ ይወጣል። ሣሩ ከሥሩ ሳይነሳ ቢቀር ከገንዳው ሥር በስብሶ መሬቱ ያለ እኩልነት እንዲሰጥም ያደርጋል።

ቀጥሎ የመሬቱ ከፍታ ይለካል። ለዚህ ሥራ ኢትዮጵያውያን ግንበኞች ውሃ ልክ ብለው የሚጠሩት መሣሪያ ተስማሚ ነው። ረጅምና ቀጥ ባለ ጣውላ ላይ የተቀመጠ የአረፋ ውሃ ልክ ለአጭር ርቀት ያገለግላል። ለሰፊ ቦታ ይበልጥ አስተማማኝ የሚሆነው ግን ብርሃን በሚያሳልፍ ቀጭን ቱቦ የሚሠራው ነው። ቱቦው ውሃ ሲሞላ የሁለቱ ጫፎች የውሃ ገጽ ምንጊዜም በእኩል ከፍታ ላይ ይሆናል። አንደኛው ጫፍ በመካከለኛው ችካል ላይ ከተደረገ ምልክት ጋር ተስተካክሎ ሲያዝ፣ ሌላኛው ጫፍ በክቡ ዙሪያ በየነጥቡ እየተዘዋወረ ከውሃው ገጽ እስከ መሬት ያለው ርቀት በሜትር ይለካል። በቱቦው ውስጥ የአየር አረፋ ከቀረ ልኬቱ ስለሚሳሳት አረፋው አስቀድሞ ሊወጣ ይገባል። የሌዘር መለኪያ ያለው ሰው ይህንኑ ሥራ በአጭር ጊዜ ማከናወን ይችላል።

ልኬቱ በጽሑፍ ይያዛል። በአንድ ነጥብ ላይ ከውሃው ገጽ እስከ መሬት 60 ሴንቲ ሜትር፣ በተቃራኒው ወገን ደግሞ 80 ሴንቲ ሜትር ቢገኝ የመሬቱ የከፍታ ልዩነት 20 ሴንቲ ሜትር ነው ማለት ነው።

ቁፋሮና ድልደላ

የድልደላ ሥራ ዋነኛ መርህ ከፍ ያለውን ቆፍሮ ማውረድ እንጂ ዝቅ ያለውን በአፈር ሞልቶ ማንሳት አይደለም። ተቆፍሮ የተገኘ መሬት ለብዙ ዘመን በራሱ ክብደት የተጠቀጠቀ በመሆኑ የገንዳውን ሸክም ይችላል። አዲስ የተሞላ አፈር ግን በ17 ቶን ውሃ ሲጫን ይሰጥማል፤ የሚሰጥመውም በዝቅተኛው ወገን በመሆኑ የነበረውን ማዘንበል ይመልሰዋል።

ከዚህ የተነሳ የቁፋሮው ልክ የሚወሰደው ከክቡ ዝቅተኛ ነጥብ ነው። በተጠቀሰው ምሳሌ የ20 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ያለውን ክብ ለማስተካከል 2 ሜትር ኩብ ያህል አፈር መነሳት አለበት። ክብደቱ ከ3 ቶን ስለሚበልጥ በዶማና በአካፋ ለሚሠሩ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ቀላል የማይባል ሥራ ነው። የሚነሳው አፈር ከገንዳው ርቆ መቀመጥ ያለበት ሲሆን፣ በተቆረጠው ወገን ደግሞ የዝናብ ውሃ ወደ ገንዳው ሥር እንዳይገባ ማፋሰሻ ቦይ ይወጣለታል። የመሬቱ ተዳፋትነት ከዚህ በእጅጉ የበለጠ ከሆነ የድጋፍ ግንብ ስለሚያስፈልግ ሥራው ለባለሙያ መሰጠት ይኖርበታል።

ቁፋሮው ሲያልቅ ክቡ በመካከሉና በዙሪያው ቢያንስ በስምንት ነጥቦች እንደገና ይለካል። በሙያው የተለመደው ወሰን በገንዳው ጠቅላላ ስፋት ውስጥ የሚኖረው የከፍታ ልዩነት ከ2 ነጥብ 5 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ሲሆን፣ ከዚህም ባነሰ መጠን ቢስተካከል ይመረጣል።

የአፈሩ ዓይነትም ሊታሰብበት ይገባል። በአዲስ አበባ የቦሌ አካባቢን ጨምሮ በብዙ የኢትዮጵያ ክፍሎች የሚገኘው መረሬ አፈር በዝናብ ወቅት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ በበጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። እንዲህ ባለው አፈር ላይ በሐምሌ ልክ የነበረ ወለል በጥር ልክ ላይሆን ይችላል። ስለሆነም ግንበኞች መረሬውን አንስተው በማያብጥ የተመረጠ አፈር ይተካሉ። ይህ ከላይ የተገለጸው መርህ ልዩ ሁኔታ ሲሆን፣ የሚተካው አፈር በስስ በስሱ እየተነጠፈ በሚገባ መጠቅጠቅ አለበት።

ጥቅጠቃ፣ አሸዋና የድጋፍ ንጣፎች

የተደለደለው መሬት ውሃ በስሱ ይርከፈከፍበትና በእጅ ወይም በሞተር መጠቅጠቂያ ይጠቀጠቃል። የገንዳው ቋሚዎች በሚያርፉባቸው ነጥቦች ላይ ጠፍጣፋ የኮንክሪት ንጣፎች ይቀበራሉ። ያለ ንጣፍ የተተከለ ቋሚ እግሩ ጠባብ በመሆኑ ወደ መሬት ይሰምጣል። ንጣፎቹ ከመሬቱ ገጽ ከፍ ወይም ዝቅ ሳይሉ እኩል እንዲሆኑ ተደርገው የሚቀበሩ ሲሆን፣ የሁሉም ከፍታ እርስ በርሱ በውሃ ልክ ይመሳከራል።

በመጨረሻም የተነፋ አሸዋ እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይነጠፋል። የአሸዋው ተግባር ወለሉን ማለስለስና የገንዳውን ገበር ከጠጠር መጠበቅ ብቻ ነው። ዝቅ ያለን ቦታ በአሸዋ ለመሙላት መሞከር የተለመደ ስህተት ነው፤ አሸዋ በዝናብ ይታጠባል፤ በሸክም ሥርም ይሸሻል። በአሸዋው ላይ የሚዘረጋ ወፍራም የመሬት ልብስ ወይም የፎም ንጣፍ ተጨማሪ ጥበቃ ይሰጣል።

ገንዳውን ማቆምና ውሃ መሙላት

ገበሩ ፀሐይ ላይ ለጥቂት ጊዜ ተዘርግቶ ሲቆይ ስለሚለሰልስ በቀላሉ ይዘረጋል። ማዕቀፉ በሚቆምበት ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሰዎች ቢተጋገዙ ይመረጣል፤ በተለይ ቆርቆሮ ግድግዳ ያለው ገንዳ በነፋስ ቀን መቆም የለበትም። የአምራቹ መመሪያ የሚያዘውን ቅደም ተከተል መጠበቅ፣ መጋጠሚያዎችን ሁሉ መፈተሽና ቋሚዎቹ ቀጥ ብለው መቆማቸውን በቱንቢ ወይም በውሃ ልክ ማረጋገጥ ተገቢ ነው።

ውሃ የሚሞላው በሁለት ደረጃ ነው። በመጀመሪያ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሞላና ቧንቧው ይዘጋል። በዚህ ጊዜ የገበሩ ሽብሽብ ከመካከል ወደ ዳር በእግር እየተገፋ ይስተካከላል። ውሃው በአንድ ወገን ተጠራቅሞ በሌላው ወገን ወለሉ ደረቅ ሆኖ ከታየ መሬቱ አለመስተካከሉን ያመለክታል። ሌላ ማንኛውም መሣሪያ ሊሳሳት ቢችል ውሃው ራሱ አይሳሳትም። ገንዳው ሩብ ያህል ሲሞላም ከውሃው ገጽ እስከ ግድግዳው አናት ያለው ርቀት በዙሪያው በበርካታ ነጥቦች እንደገና ይለካል።

ልዩነቱ ከተፈቀደው ወሰን በላይ ሆኖ ከተገኘ መፍትሔው አንድ ነው፤ ውሃው ወጥቶ፣ ገንዳው ተነሥቶ፣ መሬቱ እንደገና ይደለደላል። ውሃ የያዘ ገንዳን በጎን በክሪክ ለማንሳት ወይም ከሥሩ ድንጋይ ለመሸጎጥ መሞከር ለሕይወት አስጊ ነው። በደቂቃ 17 ሊትር በሚያወርድ ቧንቧ 17 ሺህ ሊትር ውሃ ለመሙላት ወደ 17 ሰዓት የሚፈጅ ሲሆን፣ ስህተትን በመጀመሪያው ሰዓት ማወቅ ብዙ ውሃና ድካም ያድናል።

ኤሌክትሪክና የውሃ ንጽህና

የማጣሪያው ፓምፕ በኤሌክትሪክ የሚሠራ በመሆኑ፣ ኤሌክትሪክ ከመስመሩ ወጥቶ ወደ መሬት ሲያመልጥ ወዲያውኑ በሚያቋርጥ መከላከያ በኩል መገናኘት አለበት። በግቢ ውስጥ በሚጎተት ተራ ማራዘሚያ ገመድ መጠቀም የተከለከለ ሲሆን፣ መስመሩን የመዘርጋቱ ሥራ ፈቃድ ላለው ባለሙያ የሚተው ነው።

የአሜሪካ የበሽታ ቁጥጥርና መከላከል ማዕከል በመዋኛ ገንዳ ውሃ ውስጥ ያለው ነፃ ክሎሪን በሊትር ከ1 ሚሊ ግራም እንዳያንስ፣ የአሲድነት ልኬቱም (ፒ ኤች) ከ7 ነጥብ 0 እስከ 7 ነጥብ 8 ባለው ወሰን ውስጥ እንዲሆን ይመክራል። የተለያዩ ኬሚካሎችን እርስ በርስ መቀላቀል መርዛማ ጋዝ ሊያስከትል ስለሚችል ፈጽሞ አይፈቀድም።

የሕፃናት ደህንነት

የመሬቱ ሥራ ቢሟላም ከሁሉ የከበደው ኃላፊነት ገና ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ በ2021 በዓለም ዙሪያ 300 ሺህ ያህል ሰዎች በመስጠም ሕይወታቸውን ያጡ ሲሆን፣ ሩብ የሚጠጉት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባዔም እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2021 ባሳለፈው ውሳኔ ጁላይ 25 ቀን የዓለም የመስጠም አደጋ መከላከያ ቀን ሆኖ እንዲታሰብ ወስኗል። በዩናይትድ ስቴትስ ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 4 ዓመት ለሆኑ ሕፃናት ከማንኛውም ሌላ የሞት ምክንያት ቀዳሚው መስጠም ነው።

የአገሪቱ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን ገንዳ ቢያንስ 1 ነጥብ 22 ሜትር ከፍታ ባለው አጥር እንዲከለል፣ በሩም በራሱ የሚዘጋና የሚቆለፍ እንዲሆን ይመክራል። ከመሬት በላይ የሚተከል ገንዳ ግድግዳ ይህን ከፍታ ካሟላ እንደ አጥር ሊቆጠር ይችላል፤ ሆኖም መሰላሉ ገንዳው አገልግሎት በማይሰጥበት ጊዜ ሁሉ መነሳት ወይም መቆለፍ አለበት።

ግድግዳው ብቻውን በቂ ዋስትና እንዳልሆነ በቅርቡ የተወሰደ እርምጃ ያስረዳል። ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 ከሦስት አምራቾች ጋር በመሆን ከ2002 ጀምሮ የተሸጡና 1 ነጥብ 22 ሜትርና ከዚያ በላይ ቁመት ያላቸው 5 ሚሊዮን ያህል ገንዳዎች እንዲታረሙ ጥሪ አድርጓል። ምክንያቱም በቋሚዎቹ ላይ በውጭ በኩል የሚዞረው ማጥበቂያ ቀበቶ ለሕፃናት የእግር መርገጫ ሆኖ መገኘቱ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2022 ባሉት ዓመታት ዕድሜያቸው ከ22 ወር እስከ 3 ዓመት የሆኑ ዘጠኝ ሕፃናት በዚህ መንገድ ወደ ገንዳ ገብተው ሕይወታቸው እንዳለፈ ይታመናል። ገንዳው ያላቸው ቤተሰቦች ከአምራቾቹ በሚሰጣቸው ገመድ ቀበቶውን እንዲተኩ፣ እስከዚያው ድረስ ሕፃናት ያለ ጠባቂ ወደ ገንዳው እንዳይደርሱ ወይም ውሃው እንዲወጣ ተመክሯል።

ከዚህ ትምህርት በመነሳት ሕፃን ሊወጣበት የሚችል ወንበር፣ ሣጥን ወይም የፓምፕ አካል ከገንዳው አጠገብ መቀመጥ የለበትም። ሕፃናት በውሃ ውስጥ እያሉ አንድ አዋቂ ሰው በቅርብ ሆኖ እነርሱን ብቻ እንዲጠብቅ መመደብ አለበት፤ መስጠም አብዛኛውን ጊዜ ያለ ጩኸትና በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ የሚፈጸም አደጋ ነውና። የገንዳው ጥልቀት አንድ ሜትር ገደማ በመሆኑ በጭንቅላት ዘሎ መግባትም የአንገትና የአከርካሪ አጥንት ስብራት ስለሚያስከትል ሊከለከል ይገባል።

የውሃው ዋጋና የመርሁ ስፋት

17 ሺህ ሊትር ውሃ ባለ 20 ሊትር 850 ጀሪካን ይሞላል። በኢትዮጵያ በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዘመን (ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም.) ለገጠር ነዋሪ በነፍስ ወከፍ በቀን እንዲደርስ ታስቦ የነበረው 25 ሊትር ሲሆን፣ የአንድ ገንዳ ውሃ ለ680 ሰዎች የአንድ ቀን ድርሻ ይሆናል። በመሆኑም ውሃውን በማጣሪያና በክሎሪን ጠብቆ ለወራት መጠቀም፣ ገንዳውን በሸራ መክደንና ውሃው በሚለወጥበት ጊዜ ክሎሪኑ እስኪጠፋ አቆይቶ ወደ ጎረቤት ግቢ በማይሄድበት ሁኔታ ማፍሰስ ይገባል።

የድልደላው መርህ በመዋኛ ገንዳ ብቻ የሚወሰን አይደለም። በየመኖሪያ ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ ቅጥር ግቢ የሚቀመጥ 5 ሺህ ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ ታንከር ሲሞላ 5 ቶን ይመዝናል። ይህም ታንከር ልክ ያልሆነ ወለል ላይ ወይም አዲስ በተሞላ አፈር ላይ ሲቀመጥ ለተመሳሳይ አደጋ ይጋለጣል። በሁለቱም ሥራዎች ዝቅተኛውን ነጥብ መለየት፣ ከፍ ያለውን ቆፍሮ ማውረድ፣ መጠቅጠቅና ውሃው ከመሙላቱ በፊት ደጋግሞ መለካት የንብረትም የሕይወትም ዋስትና ነው።